ሁለት ዓይን ያላት ሴት

ወሰንየለሽ ያንን መጽሐፍ መጀመሪያ ያየችው በቀትር ነው፤ አሜሪካ፣ ጋርዴና የሚባል ሰፈር፣ እማማ ቶሚኮ ቤት፣ የአሮጊቷን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ ቅባት እየቀባች ሳለ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ኋላ ላይ ሰዉ "ተደብቃ የምታየው" እያለ ብዙ አወራ። ተደብቃ አልነበረም፣ ልጆቼ። መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ፀሐይ ምንጣፉ ላይ ተዘርግታለች፣ ጎረቤት የሣር ማጨጃው ይጮኻል።

እማማ ቶሚኮ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ጃፓናዊት ናቸው። ባላቸው የሰው ግቢ ሲኮተኩት፣ ዛፍ ሲከረክም ኖሮ ከሞተ ቆይቷል። ልጅ አልወለዱም። ያላቸው ዘመድ የባላቸው ወንድም ልጅ ግሌን ብቻ ነው፤ ደግ ሰው ነው፣ ግን ሁልጊዜ ይቸኩላል። ወሰንየለሽ ኬር ጊቨር፣ አስታማሚ ሆና እሳቸው ቤት ከገባች ዓመታት አልፈዋል። ጠዋት ጠዋት ከምትኖርበት ከፌርፋክስ ተነስታ፣ ፍሪዌዩ ላይ በትራፊክ መሐል ውዳሴ ማርያሟን በቃሏ እየደገመች ድራይቭ አድርጋ ትደርሳለች። የሁለቱም እንግሊዝኛ ያነክሳል። እሷ የጎደለውን በአማርኛ ትሞላዋለች፣ እሳቸው በጃፓንኛ ይሞሉታል፣ የቀረውን እጅ ይጨርሰዋል። ሲግባቡ ለጉድ ነው። ያልተግባቡት አንዴ ብቻ ነው፤ ያችኑ አንዴ ነው የምነግራችሁ።

የዚያን ቀን አሮጊቷ ቁም ሳጥኑን በጣታቸው አሳዩዋት። "ታች ነው። ከብርድ ልብሱ ሥር።"

ወሰንየለሽ እጇን ሰዳ በሐር ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። እማማ ቶሚኮ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ ግንባራቸው ከፍ አደረጉት፤ አንገታቸውንም ሰበር አደረጉ። ወሰንየለሽ ይህን ስታይ በቅባት የራሰ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "የጸሎት መጽሐፋቸው ነው" አለች በልቧ፤ ነጠላዋን አስተካክላም ቀረብ አለች።

ጨርቁ ተፈታ። መጽሐፉ ስስ ነው፣ ጀርባው በክር የተሰፋ፣ ከቀኝ የሚገለጥ። አሮጊቷ ገለጡት።

"ውይ፣ በስመ አብ!" ወሰንየለሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

እማማ ቶሚኮ ጥርስ በሌለው ድዳቸው ሳቁ። "ምን ሆንሽ? ባል የለሽም?"

"ባልማ አለኝ! ባል ያለው ሰው ግን እንዲህ በመጽሐፍ... ማማ፣ ሼም ነው! ይዝጉት!"

"ልጅሽን ከየት አመጣሻት? ከሱፐርማርኬት ገዛሻት?"

ወሰንየለሽ ነጠላዋ ሥር ሆና ሳቋ አመለጣት። ነጠላ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ስስ ነው፤ ሰው ተሸፍኖም በውስጡ ያያል። አየች። ሥዕሉ እንጨት እየፈለፈሉ፣ ቀለም እየቀቡ ወረቀት ላይ የሚያትሙት ዓይነት ነው። ወንድና ሴት ናቸው። ልብሳቸው እንደ ባሕር ማዕበል ዙሪያቸውን ተጥሏል፤ የሚሸፈነው ሁሉ አልተሸፈነም፤ ያውም ሠዓሊው ሳይሰስት፣ ከተፈጥሮው አልፎ፣ አግንኖ ሠርቶታል። ከዚህ በላይ እንድናገር አትጠብቁኝ።

አሮጊቷ የሰለለ ጣታቸውን በሥዕሏ ሴት ጉንጭ ላይ አሳረፉ። "ይቺ" አሉ፣ "ቅድመ አያቴ ናት።"

ነጠላው ከወሰንየለሽ ፊት ወረደ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። የእማማ ቶሚኮ ቅድመ አያት ሠዓሊ ነበር። ታዋቂ አይደለም፤ ታላላቆቹ ሠዓሊዎች ሥራ ሲበዛባቸው የተረፋቸውን የሚወረውሩለት ሰው ነው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ በዚያ ዘመን በአዋጅ የተከለከለ ቢሆንም የሌለበት ቤት አልነበረም። ለሙሽራ ይሰጣል። ነጋዴም ገዝቶ መጋዘኑ ውስጥ ያኖረዋል፤ ቤትን ከእሳት ይጠብቃል ይባል ነበር። ቤታቸው ሁሉ እንጨትና ወረቀት ነው፤ የሚፈሩትም እሳትን ነው። ያ ሠዓሊ ለስንቱ ሰው ቤት መጠበቂያ ሠርቶ ሲሸጥ ኖሮ፣ አንድ ክረምት የራሱ ቤት ተቃጠለ። እሱ ሥራ ሊያደርስ ወጥቶ ነበር። ሚስቱ ውስጥ ነበረች።

"ብቻዋን" አሉ እማማ ቶሚኮ። "ብቻዋን ሄደች።"

ይህን መጽሐፍ የሠራው ከዚያ ወዲህ ነው። ፎቶ የለ፣ ምን የለ፤ ፊቷ እንዳይጠፋበት ሣላት።

ወሰንየለሽ ግራ ገባት። "ታዲያ ማማ፣ እንዲህ አድርጎ ነው እንዴ? ቁጭ ብላ፣ ለብሳ፣ ተከናንባ ቢሥላት ምን ነበረበት?"

"ሌላ መሥራት አያውቅማ" አሉ አሮጊቷ። "ደግሞም ሚስቱ ናት። የናፈቀው ፊቷን ብቻ ነው ያለሽ ማን ነው?"

ወሰንየለሽ ወደ ሥዕሉ ጎንበስ አለች። አንድ ነገር ዓይኗ ገባ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ የሚሣለው ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ፣ በሁለት ዓይኑ ነው። ይሁዳ፣ የጌታ ሰቃዮች፣ አጋንንቱም በጎን ናቸው፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚሰጣቸው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ከእናታችን ጀርባ ሆነን ስናይ ያደግነው ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ወንዱ ሁሌም በጎን ነው። ሻይ ይዛ የምትገባው ገረድም በጎን ናት። ይቺ ሴት ግን በየገጹ፣ ምንም ብትሆን፣ በምንም ሁኔታ ላይ ብትገኝ፣ ፊቷን ሙሉ ለሙሉ አዙራ ሰውን ታያለች።

"በዚያ ጊዜ ማንም እንዲህ አይሥልም" አሉ እማማ ቶሚኮ። "ሣቁበት። 'ሴትዮህ ሥራዋን ትታ ገዢው ላይ ታፈጣለች' አሉት። አልገዙትም።"

"ሁለት ዓይን አላት" አለች ወሰንየለሽ ቀስ ብላ። እግዚአብሔር ይቅር ይበላትና፣ በእነዚያ ዓይኖች ውስጥ ኃጢአት ፈልጋ አጣች።

ያ በጥቅምት ነበር። ብርዱ ሲገባ ግሌን ቤቱን ማራገፍ ጀመረ። አክስቱን ወደ አረጋውያን ማቆያ ሊያስገባ ነው፤ በየቅዳሜው እየመጣ ዕቃ በካርቶን ይሞላል። እማማ ቶሚኮ አንድ ቀን እሱ ጋራዥ ሲገባ ጠብቀው ወሰንየለሽን ክንዷን ያዙ።

"ግሌን ጥሩ ልጅ ነው። ይህን ካየ ግን ወይ ያፍርብኛል፣ ወይ ይሸጠዋል። አንቺ ውሰጂው። እኔ ስሄድ አምጪው። ከእኔ ጋር ይሄዳል።" ትንፋሽ አጠራቸውና ቆሙ። "አሁን ብቻዋን አትሄድም።"

ወሰንየለሽ ዓይኗ እንባ ሞላ። ለዚህ ነገር እንግሊዝኛ ፈለገች፤ 'ፕሮሚስ' አነሰባት። "ማማ፣ በእኛ አገር ይሄ አደራ ይባላል" አለች። "ማበደር አይደለም፣ ስጦታም አይደለም። አደራ የበላ ሰው ልጁም አይባረክ፣ መሬትም አይቀበለው።"

"አዳራ" አሉ አሮጊቷ።

"አደራ።"

"አዳራ" አሉ ደግመው፣ ልክ እንዳሉት ሁሉ ረክተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቤቷ ስትደርስ የሐሩ ጨርቅ ብቻውን ሳሳባት። ንጹሕ ጨርቅ ፈለገች። ቤቱ ውስጥ ካለው ሁሉ ንጹሑ፣ አንድ ወዳጇ ከኢየሩሳሌም ያመጣችላት፣ ለመግነዟ ያስቀመጠችው ነጠላ ነው። በእሱ ጠቅልላ ከቁም ሳጥኑ አናት ሻንጣ ውስጥ ከተተችው። ከዚህ የከበረ ነገር ስላልነበራት ነው እንጂ፣ እሷ ክፋት አላሰበችም።

ተራራው የነደደበትን ያንን ጥር ታስታውሳላችሁ። ፌርፋክስ ላይ ፓርክ የተደረገው መኪና ሁሉ አመድ ለብሶ ያድር ነበር፤ ሰማዩም እንደ ኑግ ጠቆረ። ጭሱ የስንት ሰው ሳንባ ጨረሰ። እማማ ቶሚኮም ሳል ጀመራቸው፣ ሆስፒታል ገቡ፣ ወጡ፣ ደግሞ ገቡ። የጥምቀት ዕለት ወሰንየለሽ ነጭ ለብሳ ታቦት ሸኝታ ስትመለስ ስልኳ ላይ የግሌን ድምፅ ቆያት። አርፈዋል።

መኪናዋ ውስጥ እንደተቀመጠች አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን አብሳ ደወለችለት።

"ቀብሩ መቼ ነው?"

"የመታሰቢያው ሥነ ሥርዓት? በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ነው። ቴምፕሉ ሌላ ቀን የለውም።"

"ኦኬ። ሶ፣ ግሌን፣ ቦክሱ ጋ ትንሽ ብቻዬን መቆም እችላለሁ? ከሁሉ በፊት?"

"ኦፍ ኮርስ ወሰን። የፈለግሽውን ያህል።"

እሷ 'ቦክስ' ስትል አሮጊቷ ታጥበው፣ ለብሰው የሚተኙበትን ሣጥን ማለቷ ነው። ቀብር ያለ ሬሳ በእኛ ሕሊና አይገባም። አሜሪካኖች ሬሳ በበረዶ ቤት እንደሚያቆዩ ታውቃለች፤ ያ ሁሉ ቀን ለዚያ መሰላት። እሱን የመሰለው ግን ሌላ ሣጥን ነበር።

መጽሐፉን በነጠላው እንደተጠቀለለ በቦርሳዋ ይዛ፣ ጥቁር ለብሳ፣ ከሰው ሁሉ ቀድማ ደረሰች። አዳራሹ ውስጥ ወንበር ተደርድሯል። ፊት ለፊት የእማማ ቶሚኮ የወጣትነት ፎቶ አለ፣ አበባ አለ፣ አንዲት የስኳር ዕቃ የምታህል የእንጨት ሣጥን አለች። ወሰንየለሽ ዞር ዞር አለች። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ከኋላ አየች። የታጠፉ ጠረጴዛዎች ናቸው።

"ግሌን፣ ማማ የት ናቸው?"

ግሌን ግራ ገብቶት አያት። ከዚያ ቀስ ብሎ በመዳፉ ወደ ትንሿ ሣጥን አመለከተ።

"በነጋታው ተቃጠሉ" አላት፣ እጇን ይዞ። "ይቅርታ፣ የምታውቂ መስሎኝ ነው። ቤተሰባችን ሁሉ እንዲህ ነው የሚሄደው። የሚወዱትንም አብረን አስገባን፣ እንደ ልማዱ፤ የቤት ጫማቸውን፣ የአጎቴን የሥራ ጓንት። ሌላ የሚፈልጉት ነገር እንዳለ ባውቅ ኖሮ አብሬ እጨምርላቸው ነበር።"

ወሰንየለሽ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ለጠፈች። ግሌን ወንበር አቀረበላት። 'ይኸው እኮ፣ እኔ ዘንድ ነበር' ልትለው አፏ ድረስ መጣ፤ ግን እሱ እንዳያየው ነው ቃል የገባችው። ሥነ ሥርዓቱ እስኪያልቅ ያንን ቦርሳ ታቅፋ ተቀመጠች።

ስትመለስ መቶ አስር በሚሉት ፍሪዌይ ላይ፣ መኪና ሁሉ ቆሞ ሳለ ነው የገባት። "ከእኔ ጋር ይሄዳል" ያሉት ወደ መሬት አይደለም። እሳት ነበር መንገዳቸው። ያቺን በእሳት ብቻዋን የሄደችውን ሴት በዚያው በእሳት አብረዋት ሊሸኟት ነበር ያሰቡት። ወሰንየለሽ ደግሞ አፈር እየጠበቀች አሳለፈቻቸው።

ሳምንታት አለፉ። አደራው አሁንም አደራ ነው፤ መንገዱንም አውቃዋለች። ግን እጇ እምቢ አላት። አንዴ የተቃጠለችን ሴት እንደገና ማቃጠል፣ ያውም ብቻዋን! ሀይለገብርኤል ሥራ ሲሄድ ሻንጣውን ታወርዳለች፣ ነጠላውን ትፈታለች፣ ፊቷን ታያለች፣ "ቆይ ትንሽ፣ እህቴ" ብላ መልሳ ትጠቀልላለች።

ሀይለገብርኤል ባሏ ነው። ዕድሜውን ታክሲ ነድቶ ጨርሶ፣ አሁን ፌርፋክስ ላይ ከአንድ ሬስቶራንት ጓሮ የእንግዶችን መኪና ያቆማል። ቆራቢ ነው፣ ጾም አያጎድልም፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ጥሩነቱ ግን ትንሽ ይከረክራል። የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ጋቢውን ፍለጋ ያንን ሻንጣ አወረደ። በነጭ ነጠላ የተጠቀለለ መጽሐፍ አገኘ። ታዲያ የእኛ ሰው በነጠላ የተጠቀለለ መጽሐፍ ሲያገኝ ምን ያደርጋል? ሳመው። ግንባሩን አስነክቶ፣ በከንፈሩ ሳመው፤ ደግሞ ግንባሩን አስነካ። ከዚያ ገለጠው።

ወሰንየለሽ ወጥ እያማሰለች ጩኸቱን ሰማች።

"ወሰን! አንቺ ወሰን! ምንድን ነው ይሄ?"

ስትገባ መጽሐፉ አልጋው ላይ ተዘርግቷል፤ እሱ አፉን በእጅጌው ይጠርጋል።

"ሀይልዬ፣ ቆይ ልንገርህ..."

"ሳምኩት እኮ! በዚህ አፌ! እሑድ ሥጋ ወደሙ በምቀበልበት አፌ ሳምኩት!" ሽንት ቤት ገብቶ ውሃ ለቀቀ፤ ሲጉመጠመጥ፣ ሲተፋ ይሰማል። ፊቱ ርሶ ወጣ። "ከየት መጣ?"

"የማማ ቶሚኮ ነው። አደራ ነው የሰጡኝ።"

"ሰይጣን ነው አደራ የሚሰጥሽ? ስንት ዓመት ሙሉ ጋርዴና ጋርዴና ስትይ ይሄን ነበር የምትማሪው?"

"ቅድመ አያታቸው ናት። ተቃጥላ ነው የሞተችው..."

"ገና ትቃጠላለች! በመግነዝሽ? ክርስቲያን በመግነዙ ይሄን ይጠቀልላል? ይሄንኑ ለብሰሽ ነው ጌታ ፊት የምትቆሚው?" ድምፁ ተሰበረ። ያስቆጣው ሥዕሉ ብቻ አልነበረም። መሳሙም ነው። ያንን ከራሱ ላይ የሚያነሣለት ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ እሷ ላይ ጣለው። "ስሚኝ። ወይ አንቺ ታቃጥይዋለሽ፣ ወይ እኔ ከዚህ ቤት እወጣለሁ።"

ራኬብንም እሱ ነው የጠራት። ራኬብ ልጃቸው ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ዌስትቼስተር የጥርስ ክሊኒክ የምትሠራ፣ ቫን ናይስ የምትኖር። "ነይና እናትሽን እዪልኝ" አላት። ከሥራ ቀጥታ መጣች፤ የታመመ ሰው አለ ብላ ነው። መጽሐፉን ስታይ አፏን ይዛ ሳቀች።

"ማሚ! አንቺ? ኦ ማይ ጋድ!"

"አትሳቂ" አለ አባቷ።

ሳቋ ግን ቆመ። ወረቀቱን ዳሰስ አደረገችው። ወደ መጨረሻው ገጽ አገላበጠች፤ እዚያ ሥዕል የለም፣ የሠዓሊው ስምና ቀይ ማኅተሙ ብቻ ነው። ስልኳን አውጥታ እሱን ፎቶ አነሣችው። ሌላውን አባቷ ፊት ልታነሣ አፈረች። ያቺን አንድ ገጽ ለሚያውቁ ሰዎች ላከች፤ ቅዳሜ ከሰዓት ላይ ደግሞ እየሮጠች መጣች።

"ማሚ፣ ቁጭ በይ። አንድ ሙዚየም መለሰልኝ። ይሄ ሰውዬ ስሙ ብቻ ነው በዓለም ላይ ያለው። በሌላ መጽሐፍ ውስጥ ስሙ ተጠርቷል እንጂ ሥራው ጠፍቷል ተብሎ ነበር። ያንቺ ቁም ሳጥን ላይ ነው የተገኘው! ሰኞ ሊያዩት ይመጣሉ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው፣ ፕሊስ።"

"የእኔ አይደለማ። የማልሰጠው ለዚህ ነው።"

"የማን ነው ታዲያ?"

"የማማ ቶሚኮ። ከእኔ ጋር ይሂድ ብለዋል፤ የሄዱትም በእሳት ነው።"

"ማሚ፣ እሷ ሞታለች። አታውቅም አሁን።"

"አደራ የሚባለው ለዚህ እኮ ነው፣ ልጄ። ያልሞተ ሰውማ መጥቶ ይጠይቀኛል።"

ራኬብ ፀጉሯን በሁለት እጇ ያዘች። "አባዬ ይቃጠል ይላል፣ አንቺም ይቃጠል ትያለሽ። ምንድን ነው ልዩነታችሁ?"

ወሰንየለሽ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። "አባትሽ እንድትጠፋ ነው" አለች። "እኔ እንድትደርስ ነው።"

"ዳት ዳዝንት ሜክ ሴንስ፣ ትርጉም የለውም። ያቺን ሴትዮ ለዘለዓለም ሰው ሊያያት ይችላል እኮ! የምትወጃት ከሆነ እንዴት ታጠፊያታለሽ?" ዓይኗ ቀላ። "ካቃጠልሽው፣ ማሚ፣ አልረሳልሽም። እውነቴን ነው።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሀይለገብርኤል ወደ ፓርኪንጉ ሲሄድ፣ ወሰንየለሽ መኪናዋን አስነሣች። ከኤርፖርቱ ምዕራብ፣ ባሕሩ ዳር፣ ሰው እሳት የሚያነድበት የሲሚንቶ ጎድጓዳ ያለበት አሸዋ አለ፤ አውሮፕላኑ በራስ ላይ እየተነሣ ይወጣል። እዚያ ነው የሄደችው። ከነዳጅ ማደያ የገዛችውን የማገዶ እስር ተሸክማ፣ ጫማዋ አሸዋ እየሞላ፣ ጥግ ላይ ያለውን ያዘች። ፀሐይ ገና ከውሃው በላይ ነበረች። ከጎኗ አንድ ቤተሰብ ሙዚቃ ከፍቶ ሥጋ ይጠብሳል፤ አንዷ ሴትዮ "ሃይ!" ብላ እጇን አወዛወዘችላት። እሷም አወዛወዘች።

እሳቱ ሲያዝ ነጠላውን ፈታች። ያሰበችው መጽሐፉን ብቻ ልትጨምር ነው። መግነዟን መልሳ አጥባ ልታስቀምጥ ነው። ለመጨረሻ ገለጠች። ሴቲቱ እዚያው ናት፤ ባሏ አንገቷ ሥር ተደብቋል፣ እሷ ቀና ብላ በሁለት ዓይኗ ታያታለች። ሙቀቱ ገጹን ማርገብገብ ጀመረ።

ብቻዋን። የአሮጊቷ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ነበር።

አብሯት የሚሄድ ሰው የለም፤ አሮጊቷ ቀድመው ሄደዋል። ወሰንየለሽ መጽሐፉን ዘጋች፣ በሐሩ ሸፈነች፣ በላዩ ነጠላውን እንደገና ጠቀለለች። ሰው እንደሚገነዝ አድርጋ ገነዘችው፤ ከላይ አሰረች፣ ከመሐል አሰረች፣ ከግርጌ አሰረች። ምን ጸሎት እንደሚደረስ አላወቀችም፤ ላልተጠመቀ ሰው የሚደረሰውን ማንም አልነገራትም። "ማማ ቶሚኮ" አለች፣ "ዘገየሁብዎ። መጥታለች፤ ወጣ ብለው ይቀበሏት።"

እሳቱ ላይ አኖረቻት።

መጀመሪያ የተያዘው ጥጡ ነው። ነጠላው ከዳር እስከ ዳር ቦግ ብሎ ተተረተረ፣ ሐሩ ተኮማተረ፣ ከዚያ መጽሐፉ በሙቀቱ ራሱ ተገለጠ። ያ ስስ ወረቀት አንድ በአንድ እየተነሣ፣ እየተጠማዘዘ፣ በየገጹ ያቺ ፊት ብቅ እያለች አየቻት፤ ጠርዟ ሲጠቁር አየቻት፣ ዓይኖቿ ሲቀሩ አየቻት። ወሰንየለሽ ፊቷን አላዞረችም። ጭሱ ዓይኗን አቃጠለው፣ ቅንድቧ ተለበለበ፣ አልሸሸችም። በራሷ ላይ አውሮፕላን ሲያልፍ አሸዋው ተንቀጠቀጠ። ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ጮኸ፤ ራኬብ ናት። እስኪያበቃ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ።

ማታ ቤት ስትገባ ሀይለገብርኤል ጭሱ ሸተተው።

"ተቃጠለ?"

"ተቃጠለ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን!" ብሎ አቀፋት፤ አለቀሰም። በማግስቱ ለወዳጆቹ ነገራቸው፣ ወዳጆቹ ለሚስቶቻቸው ነገሩ። አሁን ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ሴቶቹ ቦታ ይለቁላታል፤ "የሰይጣኑን መጽሐፍ በእጇ ያቃጠለች" ይሏታል። አንዴ "እንደዚያ አይደለም" ልትል ጀምራ ነበር። "ትሕትናዋ!" አሉ።

ሰኞ ራኬብ ከሁለት ነጮች ጋር በሩ ላይ ቆመች። ወሰንየለሽ "የለም" አለች። ልጅቷ አባቷን አየችው።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ" አለች ወሰንየለሽ።

ራኬብ ሰዎቹን ይቅርታ ጠይቃ፣ ወደ መኪናቸው ሸኝታ፣ በዚያው ሄደች። ፋሲካ አልፏል፣ አልመጣችም። ስልክ ሲደወልላት በጽሑፍ ብቻ "ቢዚ ነኝ" ትላለች። ያነሣቻት አንዲት ገጽ ግን ሰው ዘንድ ደርሳለች፤ ሠዓሊው መኖሩ ታውቋል፣ ስሙና ማኅተሙ እዚያ ሙዚየም ተመዝግቧል ይባላል። የእሱ ስም ተገኘ፤ የእሷ ፊት የለም።

በቀደም ሀይለገብርኤል ሻንጣውን ሲያስተካክል፣ "መግነዝሽስ የት ሄደ? አብረሽ አቃጠልሽው እንዴ?" አላት።

"ሰው ለብሶት ሄደ።"

"የቱ ሰው?"

ሻንጣውን ከእጁ ተቀበለችው። እሱም ልብሷ ረክሷል ብላ የጣለችው መሰለውና፣ "ደግ አደረግሽ፣ ሌላ እናስመጣለን" አለ።

ወሰንየለሽ አሁን የምትፈራው አንድ ነገር ነው። እሑድ እሑድ ሴቶቹ በለቀቁላት ቦታ ቆማ፣ ግድግዳው ላይ በጎን የተሣሉትን ባለ አንድ ዓይኖች ትታ፣ ዓይኗን ጨፍና ያቺን ፊት ትፈልጋለች። አፏ ጠፍቶባታል። ቅንድቧ ወፍራም ይሁን ቀጭን እርግጠኛ አይደለችም። ባለፈው እሑድ ፀጉሯን ፈልጋ የእማማ ቶሚኮ ፀጉር መጣባት። የቀሩት ሁለቱ ዓይኖች ናቸው፤ እነሱም በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይርቃሉ።